ጫካው ሥር ስንት ካርቦን አለ? በጣና ዳር የአፈር ካርቦንን ለክቶ የማወቂያ መመሪያ

ችግኝ ተከላ ሲመጣ የሁላችንም ዓይን ዛፉ ላይ ነው። ስንት ጸደቀ፣ ስንት ደረቀ ብለን እንቆጥራለን። ከሥሩ ስላለው አፈር የሚጠይቅ ግን ብዙም የለም። የሚገርመው ደግሞ ካርቦኑ በብዛት ያለው እዚያው ነው። በዓለም ዙሪያ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ወደ 1,500 ቢሊዮን ቶን የሚገመት ኦርጋኒክ ካርቦን (ከዕፅዋትና ከእንስሳት ብስባሽ የመጣ ካርቦን) ይዟል። ይህ በአየር ውስጥ ካለውም፣ በዕፅዋት አካል ውስጥ ካለውም ይበልጣል።

ይህ መመሪያ ለትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፣ የመመረቂያ ርዕስ ለሚያፈላልግ ተማሪ፣ ለቀበሌ የግብርና ባለሙያ እና ስለ ማሳው ለሚጨነቅ ገበሬ ነው። ሥራው ዘመናዊ ማሽን አይፈልግም። ዶማ፣ ቁራጭ የብረት ቱቦ፣ ሚዛን እና ትዕግሥት ካላችሁ ዋናው ክፍል በእጃችሁ ነው። ላብራቶሪ የሚያስፈልጋችሁ ለካርቦኑ መቶኛ እና፣ ምድጃ ከሌላችሁ፣ ለማድረቂያ ነው።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። የአፈር ካርቦን ልኬት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቦታ ሲመረጥ ነው። ላብራቶሪው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን በስህተት የተመረጠ ቦታን አያስተካክልም። ስለዚህ ቦታ መረጣው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንቆያለን፤ አትሰልቹ።

ቁፋሮ ሳይጀመር፦ ካርቦኑ በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

አፈርን እንደ ጎተራ አስቡት። ገቢ አለው፣ ወጪ አለው። ገቢው የረገፈ ቅጠል፣ የሞተ ሥር፣ ሥሮች በሕይወት እያሉ የሚያፈሱት ፈሳሽ እና የከብት እበት ነው። ወጪው ሦስት መንገድ አለው። ጥቃቅን ተሕዋስያን ብስባሹን በልተው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ይተነፍሱታል። ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ጣና ይወስደዋል። ሰው ደግሞ ቅጠሉን ለማገዶ፣ ገለባውን ለከብት፣ እበቱን ለኩበት ያነሳዋል።

ወጪው የሚፈጥነውና የሚዘገየው በአካባቢው ሁኔታ ነው። ሙቀት ሲጨምር ተሕዋስያኑ ይበረታሉ። እንደ ግምት፣ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የመበስበስ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። ጮቄና ጉና ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋሉ። እዚያ ላይ ብርዱ ራሱ ካርቦኑን ያቆየዋል፤ ዛፍ ባይኖርም እንኳ።

ውኃም እንዲሁ ነው። መሬቱ በጣም ከደረቀ ተሕዋስያኑ ይተኛሉ። በጣም ከረጠበ ደግሞ አየር ያጥራቸዋል። በጣና ዳር ደንገል የሚበቅልበት ረግረግ ጥቁርና ለስላሳ ብስባሽ የሚያጠራቅመው በዚህ ምክንያት ነው። የሞተው ደንገል ውኃ ውስጥ ተቀብሮ አየር ስለማያገኝ ሳይበሰብስ ይከማቻል። ረግረጉ ተንጣፍፎ ሲታረስ ግን አየር ይገባና ለብዙ ዘመን የተጠራቀመው በጥቂት ዓመታት በስብሶ ማለቅ ይጀምራል። ረግረግ ሚቴን የሚባል ሌላ ጋዝ እንደሚለቅም አትርሱ። ካርቦን አከማቸ ማለት ለአየሩ ጠባይ ምንም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም።

አንድ የማወቅ ጉጉት ያለው ሰው የሚወደው ነገር ልጨምር። በጋው አልቆ የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል፣ ደርቆ የከረመው አፈር በአንድ ጊዜ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። ነገሩ በርች ውጤት ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1950ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ኬንያ ውስጥ ካጠናው ተመራማሪ ነው። እንደኛ ደረቅና ዝናባማ ወራት ተለያይተው በሚመጡበት አገር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ሦስተኛው ጉዳይ የአፈሩ ዓይነት ነው። ሸክላ የበዛበት አፈር ብስባሹን ይዞ ይደብቀዋል። ቀይ አፈር ውስጥ ያለው የብረት ዝገትም እንዲሁ ያጣብቀዋል። አሸዋማ አፈር ግን ቶሎ ይለቀዋል። ሁለት ማሳ አንድ ዓይነት ሰብል ይዘው፣ አንድ ዓይነት እርሻ ታርሰው፣ በዚህ ብቻ ሊበላለጡ ይችላሉ።

1ኛ ደረጃ፦ ጥያቄውን በአንድ መስመር ጻፉ

"የባሕር ዳር አካባቢ አፈር ካርቦን ስንት ነው?" ጥያቄ አይደለም፣ ምኞት ነው። "ይህ የቤተ ክርስቲያን ጫካ ከአጥሩ ውጭ ካለው የጤፍ ማሳ በላይኛው 30 ሳንቲሜትር ስንት ቶን ይበልጣል?" ብትሉ ግን ቁፋሮው የት እንደሚጀምር ወዲያው ይታያችኋል። ጥልቀቱን 30 ሳንቲሜትር ማድረግ ጥሩ ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በመመሪያው መነሻ ያደረገው ይህን ጥልቀት ስለሆነ ውጤታችሁን ከሌላው ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ።

2ኛ ደረጃ፦ ጥንድ ቦታ ምረጡ

ዋናው ነገር እዚህ ነው። የምትፈልጉት በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቦታዎችን ነው። አንዱ ጫካ፣ ሌላው እርሻ። የቀረው ሁሉ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ ከፍታው፣ ተዳፋቱ፣ የዝናቡ መጠን፣ ተመሳሳይ መሆን አለበት።

ጣና ዳር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጫካ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን በእርሻ የተከበበ ደሴት ሆኖ ስለሚገኝ ጥንዱ በአጥር ማዶ ይጠብቃችኋል። አንዳንዱ ጫካ በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ካቡ ከብት ከማስቀረቱም በላይ ለእናንተ ጥርት ያለ ድንበር ነው። የት ድረስ ጫካ፣ ከየት ጀምሮ እርሻ እንደሆነ ክርክር የለም።

ዘጌን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት በበሬ ማረስና ከብት ማርባት በጥንት ሥርዓት የተከለከለ ነው። ትውፊቱ ክልከላውን ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ያያይዘዋል፤ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚውም ከመቋሚያቸው በቀለ ይባላል። ለአፈር ተመራማሪ ይህ እንዴት ያለ ዕድል መሰላችሁ! ማረሻ ያልነካው አፈር ሌላ ቦታ መፈለግ ከባድ ነው። ሆኖም ዘጌ "ሰው ያልነካው ደን" ነው ብላችሁ እንዳትጽፉ። ከዋንዛው፣ ከብርብራውና ከሾላው ሥር ቡና አለ። ቡናው ይመነጠርለታል፣ ይለቀማል፣ ማገዶም ይወጣል። ስለዚህ "የቡና ጫካ" በሉት እንጂ ንጹሕ የተፈጥሮ ደን አትበሉት።

ጥንድ ስታደርጉ የሚከተሉትን ጥፋቶች ጠብቁ።

ቀይ አፈርን ከዋልካ (ከጥቁር ሸክላማ አፈር) ጋር አታጣምሩ። በባሕር ዳር ዙሪያ ሁለቱም አለ። በፎገራና በደንቢያ ሜዳ የሚበዛው ዋልካ ነው። ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ወደ መራዊ ስትሄዱ ቀዩ ይበዛል። የዘጌን ጫካ ከፎገራ የሩዝ ማሳ ጋር ብታወዳድሩ የለካችሁት የጫካን ውጤት ሳይሆን የአፈርን፣ የጎርፍንና የሰብልን ድብልቅ ነው።

ተዳፋቱን አስተያዩ። ከላይ ታጥቦ የወረደ አፈር እታች ይከማቻል። ጫካው ጉብታ ላይ፣ እርሻው እግሩ ሥር ከሆነ እርሻው የጫካውን አፈር ወርሶ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጎን ለጎን፣ በአንድ ከፍታ ላይ ቢሆኑ ይመረጣል።

የመሬቱን ታሪክ ጠይቁ። "ይህ ማሳ መቼ ተመነጠረ?" የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከሽማግሌዎች ነው። ከ5 ዓመት በፊት የተመነጠረና ከ80 ዓመት በፊት የተመነጠረ ማሳ አንድ አይደሉም። ካርቦኑ በፍጥነት የሚያልቀው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።

ደግሞም ከእነዚህ ቦታዎች ራቁ፦ ከሰል የተከሰለበት ጉድጓድ፣ ኩይሳ፣ የድሮ ቤት ወይም በረት የነበረበት ቦታ፣ አመድና ፍግ የሚጣልበት ጓሮ፣ ከሐይቁ ዳር ደግሞ የተለቀመ እንቦጭ የተከመረበት ሜዳ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ካርቦናቸው ስለ ጫካም ስለ እርሻም የሚናገር አይደለም።

ቢያንስ ሦስት ጥንድ ይኑራችሁ። አንድ ጥንድ ታሪክ ይነግራችኋል እንጂ ማስረጃ አይሆንም።

3ኛ ደረጃ፦ ፈቃድ ጠይቁ

ዶማ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ መግባት የሚያስጠረጥር ነገር ነው። መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ አግኙ። "አባ፣ ይፍቱኝ" ብላችሁ ተሳለሙና ሥራውን በግልጽ አስረዱ። ስንት ጉድጓድ፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ አፈሩ የት እንደሚሄድ ንገሯቸው። በተለይ መቃብር ያለበትን ቦታ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያን ጫካ የመቃብር ቦታም ነው። ያለ መሪ መቆፈር ነውርም ኃጢአትም ይሆንባችኋል። መቃብር የተቆፈረበት አፈር ደግሞ የተገለባበጠ ስለሆነ ለልኬትም አይጠቅምም። ጠበል አካባቢም አትቆፍሩ።

ቡድናችሁ ውስጥ ሴቶች ካሉ ቦታውን አስቀድማችሁ አጣሩ። ከጣና ገዳማት ሴት የማይገባባቸው አሉ፤ ክብራን ገብርኤል አንዱ ነው። ዘጌ ላይ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት ግን ለሁሉም ክፍት ናቸው።

ገበሬው ዘንድ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ሌላ ነው። "አፈሬን የምትወስዱት መሬቴን ልትለኩ ነው እንዴ?" ይላችኋል። ስጋቱ ተገቢ ነው። "ጋሼ፣ የምንወስደው ጥቂት ኪሎ አፈር ነው፤ ውጤቱንም መጥተን እንነግርዎታለን" በሉ። ከዚያም የምር ተመልሳችሁ ንገሯቸው። አጥኚ ሁሉ መጥቶ የውኃ ሽታ ሆኖ ስለሚቀር ነው ገበሬው የሚጠራጠረው።

4ኛ ደረጃ፦ ጊዜውን ምረጡ

ለቀይ አፈር ሰብል ከተሰበሰበ በኋላ ያለው ጊዜ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይመቻል። ለዋልካ ግን በጋው መሀል አትሂዱ። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ያኔ እፍጋቱን፣ ማለትም በአንድ መጠን ቦታ ውስጥ የታጨቀውን የደረቅ አፈር ክብደት፣ በትክክል መለካት አይቻልም። ዝናቡ እንዳበቃ፣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ፣ እርጥበቱ ሳይሟጠጥ ድረሱበት። የትኛውንም ብትመርጡ ጥንዶቹን በአንድ ሳምንት ውስጥ ጨርሱ። ማዳበሪያ ወይም ፍግ ከተበተነ በኋላ ወዲያው አትውሰዱ።

5ኛ ደረጃ፦ ዕቃ አዘጋጁ

ዶማ፣ አካፋ፣ ሹል ቢላዋ፣ ሜትር፣ መዶሻ፣ ቁራጭ ጣውላ፣ ባልዲ፣ ወፍራም ፌስታል፣ እርሳስ፣ እስከ 0.1 ግራም የሚለካ ዲጂታል ሚዛን፣ 2 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ወንፊት። ቦታውን ለመመዝገብ የስልካችሁ ጂፒኤስ ይበቃል።

የእፍጋት መለኪያ ቀለበት ገዝታችሁ ማምጣት የለባችሁም። ብረታ ብረት ቤት ሄዳችሁ ውስጡ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ቱቦ በ5 ሳንቲሜትር ቁመት አስቆርጡ። አንዱን ጠርዝ ከውጭ በኩል አስሞርዱት። ከውስጥ ከተሞረደ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። የዚህ ቀለበት ይዘት 3.14 × 2.5 × 2.5 × 5፣ ማለትም 98.1 ሳንቲሜትር ኩብ ነው። ሲቆረጥ ትንሽ ስለሚዛነፍ የራሳችሁን ለክታችሁ አስሉ።

6ኛ ደረጃ፦ ቆፍሩ

በየቦታው 20 ሜትር በ20 ሜትር የሆነ መደብ ምልክት አድርጉ። ከአራቱ ማዕዘን ወደ ውስጥ ገባ ብላችሁ አራት ነጥብ፣ መሀል ላይ አንድ ነጥብ ያዙ። ጫካ ውስጥ ከዛፉ ግንድ ሥር ብቻ ወይም ከክፍት ቦታ ብቻ እንዳትወስዱ። ግንዱ ሥር ያለው አፈር ብስባሹ የበዛ ነውና ውጤቱን ያጋንነዋል።

መጀመሪያ ያልበሰበሰውን ቅጠል ግለጡ። ይህ ቅጠል ገና አፈር አይደለም። መለካት ከፈለጋችሁ 50 በ50 ሳንቲሜትር በሆነ ፍሬም ሰብስባችሁ ለብቻው መዝኑት። ከአፈሩ ጋር ግን አትደባልቁት። ለጀማሪ የጫካ አፈርን ከልክ በላይ ካርቦናም የሚያደርግበት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

ከዚያ 40 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩና አንዱን ግድግዳ በቢላዋ ቀጥ አድርጋችሁ ጥረቡ። እስቲ ቆም ብላችሁ ግድግዳውን እዩት። ጫካ ውስጥ ላዩ ጠቆር ያለ፣ በቀጫጭን ሥር የተሸመነ፣ በእጅ ሲነኩት ፍርክስክስ የሚል ነው። ወደ ታች ቀስ እያለ ይነጣል ወይም ይቀላል። እርሻው ላይ ደግሞ ከላይ እስከ ማረሻው መድረሻ አንድ ዓይነት ቀለም ነው። ከሥሩ ጠንከር ያለ፣ ቢላዋ የማያስገባ ንጣፍ ታገኛላችሁ። ያ ንጣፍ ማረሻ በየዓመቱ አንድ ጥልቀት ላይ ሲመላለስ የጠቀጠቀው ነው። ሳትረሱ ፎቶ አንሱት፣ ሜትሩን አስደግፋችሁ።

ናሙናውን በሦስት ንብርብር ውሰዱ፦ ከ0 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 20፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር። ከታች ወደ ላይ ብትወስዱ የላዩ አፈር እየወደቀ የታችኛውን አያበላሽባችሁም። ከአምስቱ ነጥብ የአንዱን ንብርብር አፈር በአንድ ባልዲ ቀላቅሉና ግማሽ ኪሎ ያህል ወደ ፌስታል አስገቡ። ንብርብሮችን አትቀላቅሉ።

ለእፍጋት ደግሞ ቀለበቱን በንብርብሩ መሀል ላይ አስቀምጡት። ጣውላውን ደርባችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አስገቡ። በኃይል ከደበደባችሁት አፈሩ ይጠቀጠቃል። ቀለበቱን ከነዙሪያው ቆፍራችሁ አውጡ፤ ሁለቱን ጫፍ በቢላዋ ደልድሉ። ሥር ወይም ድንጋይ አፈሩን ቦድሶ ካወጣው ጣሉና ሌላ ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ንብርብር ሦስት ቀለበት ይኑራችሁ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ መገመት ስሌቱን ሁሉ ያበላሸዋል።

ጉድጓዱን መልሳችሁ ድፈኑ።

7ኛ ደረጃ፦ አድርቁ፣ ንፉ

የካርቦን ናሙናውን በንጹሕ ወረቀት ላይ በጥላ ሥር አስጡት። ሥርና ጠጠር ለቅማችሁ፣ ጓሉን ቀጥቅጣችሁ፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ንፉ። የቀለበቱ አፈር ግን በ105 ዲግሪ ለ24 ሰዓት በምድጃ መድረቅ አለበት። ምድጃ ከሌላችሁ ላብራቶሪው ያድርቅላችሁ። በመጥበሻ ቆልቶ ማድረቅ የሚታሰብ አይደለም፤ የምትለኩትን ብስባሽ ራሱን ታቃጥሉታላችሁ።

በቀለበቱ ውስጥ ጠጠር ካገኛችሁ ከደረቀ በኋላ በወንፊት ለዩት። ክብደቱን መዝኑ።  ይህን ከደረቀው አፈር ክብደት ትቀንሳላችሁ፤ የቀለበቱን ይዘት ግን እንዳለ ትተዉታላችሁ፤ ጠጠር የአፈር ካርቦን የለውም።

8ኛ ደረጃ፦ ላብራቶሪ

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የዎክሊ ብላክ ዘዴ ነው። ፖታሲየም ዳይክሮሜትና የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ይጠቀማል። አንዱ መርዛማና ካንሰር አምጪ ነው፣ ሌላው ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ዘንዘልማ ግቢ አለ፤ ወጣ ስትሉ የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ናሙና ይቀበሉ እንደሆነና ዋጋውን ሄዳችሁ ጠይቁ።

ውጤት ስትቀበሉ ሁለት ነገር ሳትጠይቁ እንዳትወጡ። አንደኛ፣ "የተሰጠኝ ኦርጋኒክ ካርቦን ነው ወይስ ኦርጋኒክ ቁስ?" ኦርጋኒክ ቁስ የሚባለው ኦርጋኒክ ካርቦኑ በ1.724 ተባዝቶ ነው፤ አንዱን ለሌላው ከወሰዳችሁት ስሌታችሁ አበቃለት። ሁለተኛ፣ "በማስተካከያ ቁጥር ተባዝቷል?" ዘዴው በአማካይ ከካርቦኑ ሦስት አራተኛውን ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ውጤቱ ብዙ ጊዜ በ1.3 ይባዛል። ጫካውን ተባዝቶ፣ እርሻውን ሳይባዛ ብታወዳድሩ ሳቅ ነው የሚሆነው።

ሌላው አማራጭ አፈሩን በ550 ዲግሪ አቃጥሎ የቀነሰውን ክብደት ማየት ነው። ርካሽ ነው። ነገር ግን ሸክላ በበዛበት አፈር ከብስባሹ ጋር በሸክላው ውስጥ የታሰረው ውኃም ስለሚወጣ ቁጥሩን ያጋንነዋል። በአንድ ዓይነት አፈር ውስጥ ለማወዳደር እንጂ ለሪፖርት ብዙም አልወደውም።

ገንዘብ ፈጽሞ ከሌለስ? የአውራ ጣት የሚያህል ደረቅ ጓል ከጫካው፣ ሌላ ተመሳሳይ ጓል ከእርሻው ወስዳችሁ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። የጫካው ጓል አረፋ እያወጣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። የተጎዳው የእርሻ ጓል ግን ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ተንዶ ውኃውን ያደፈርሰዋል። ብስባሽ የአፈር ቅንጣቶችን ስለሚያጣብቅ ነው። ቁጥር አይሰጣችሁም። ገበሬ ፊት ስታሳዩት ግን ከማንኛውም ግራፍ ይሻላል።

9ኛ ደረጃ፦ አስሉ

እፍጋት ማለት የደረቀው አፈር ክብደት ለቀለበቱ ይዘት ሲካፈል ነው። 108 ግራም ለ98.1 ሲካፈል 1.10 ይሆናል። ከዚያ ቀመሩ ቀላል ነው፦

የካርቦን መቶኛ × እፍጋት × የንብርብሩ ውፍረት በሳንቲሜትር = ቶን ካርቦን በሄክታር

ለማሳያ ያህል የራሴን ቁጥሮች ልስጥ፤ የየትኛውም ቦታ ውጤት አይደሉም። ጫካው ካርቦኑ 3 በመቶ፣ እፍጋቱ 1.10 ቢሆንና 20 ሳንቲሜትር ብንወስድ 3 × 1.10 × 20 = 66 ቶን በሄክታር ነው። እርሻው 1.6 በመቶና 1.25 ቢሆን 1.6 × 1.25 × 20 = 40 ቶን። ልዩነቱ 26 ቶን ይመስላል።

እዚህ ላይ ግን ወጥመድ አለ። እርሻው የተጠቀጠቀ ስለሆነ በዚያው 20 ሳንቲሜትር ውስጥ ብዙ አፈር አለ። የጫካው 20 ሳንቲሜትር በሄክታር 2,200 ቶን አፈር (1.10 × 20 × 100) ሲሆን የእርሻው 2,500 ቶን (1.25 × 20 × 100) ነው። እኩል ክብደት ካላወዳደርን እርሻውን ሳናውቅ እያገዝነው ነው። 2,200 ቶን የእርሻ አፈር የሚገኘው 17.6 ሳንቲሜትር ላይ ነው። ስለዚህ 1.6 × 1.25 × 17.6 = 35.2 ቶን። እውነተኛው ልዩነት 30.8 ቶን ይሆናል። ብዙ የተማሪ ጽሑፍ ይህን ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት።

ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመለወጥ በ3.67 አባዙ። 30.8 ቶን ካርቦን 113 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሦስቱን ንብርብር ለየብቻ አስልታችሁ ደምሩ። ከሦስቱ ጥንድ አማካይ ጋር ትልቁንና ትንሹን ቁጥር አብራችሁ ጻፉ።

10ኛ ደረጃ፦ ውጤቱን አንብቡ

ጫካው ቢበልጥ አትደነቁ። ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለሉ ዓለም አቀፍ ትንታኔዎች የተፈጥሮ ደን ወደ እርሻ ሲለወጥ በአማካይ ከሩብ እስከ 40 በመቶ ገደማ የአፈር ካርቦን እንደሚጠፋ ያሳያሉ። የእናንተ ቁጥር ከዚህ በጣም ከራቀ መጀመሪያ ጥንዱን ጠርጥሩ፤ ምናልባት አፈሩ አንድ ዓይነት አልነበረም።

ከዚያ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ጤፍ ደጋግሞ መታረስ ይፈልጋል። በእያንዳንዱ እርሻ ጓሉ ይፈርሳል፣ ተደብቆ የነበረው ብስባሽ ለአየርና ለተሕዋስያን ይጋለጣል። ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ያልቃል። ጥፋቱን ገበሬው ላይ መጫን ቀላል ነው። ማገዶ በሌለበት ኩበት አታቃጥል ማለት ግን ቀልድ ነው። ለዚህ ነው በጓሮ ያለ የማገዶ ዛፍ ለማሳው አፈርም የሚጠቅመው። ማገዶ ሲገኝ እበቱ ወደ ማሳ ይመለሳል።

ባሕር ዛፍ ላይ ስትደርሱ አትቸኩሉ። "ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል" የሚለው ንግግር ሁሉንም ነገር አይገልጽም። ለረጅም ጊዜ ታርሶ በተሟጠጠ መሬት ላይ የተተከለ ባሕር ዛፍ፣ አለመታረሱ ብቻውን ካርቦኑን ሊያሻሽለው ይችላል። የተፈጥሮ ደን ተመንጥሮ በቦታው ከተተከለ ግን ማሽቆልቆሉ የሚጠበቅ ነው። ደግሞ ባሕር ዛፍ ሥር ገብታችሁ መሬቱን እዩ። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ ባዶ ከሆነ ዛፉ ቢያድግም አፈሩ ገቢ የለውም። ስለዚህ በመዝገባችሁ ላይ "ዛፍ አለ" ብቻ ሳይሆን "ቅጠሉ ይጠረጋል? ከብት ይገባል? በስንት ዓመት ይቆረጣል?" የሚለውን ጻፉ።

የደንገል ረግረግ ከለካችሁ ሌላ ግራ መጋባት ይመጣል። የካርቦኑ መቶኛ ከጫካው በብዙ ይበልጣል፣ እፍጋቱ ግን እጅግ ዝቅተኛ ነው። መቶኛውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ፤ በሄክታር አስሉት። ረግረግ ውስጥ ደግሞ ክምችቱ ከ30 ሳንቲሜትር በታች ስለሚቀጥል የለካችሁት ከፊሉን ብቻ መሆኑን ጻፉ።

ጫካውና እርሻው እኩል ቢወጡስ? ይህም ውጤት ነው። ከብት የሚግጥበት፣ ቅጠሉ የሚጠረግ፣ ዳር ዳሩ የተራቆተ ትንሽ ጫካ ከእርሻ ብዙም ላይሻል ይችላል። ከጫካው ዳር እና ከመሀሉ የወሰዳችሁትን ለየብቻ አወዳድሩ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ለውጡን ለመከታተል

አንድ ጊዜ ለክቶ ችግኝ ተክሎ በዓመቱ ለውጥ መጠበቅ አይሠራም። የአፈር ካርቦን ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው፤ የአንድ ዓመት ለውጥ በናሙናዎቹ መበላለጥ ውስጥ ይጠፋል። ቢያንስ 5 ዓመት፣ ቢቻል 10 ዓመት ቆይታችሁ ወደዚያው ነጥብ፣ በዚያው ወር ተመለሱ። ያው ዘዴ፣ ቢቻል ያው ላብራቶሪ ይሁን።

ከየናሙናው 100 ግራም ያህል ደረቅ አፈር በሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ አስቀምጡ። ወደፊት አዲሱ ናሙና ሲመጣ አሮጌውን አብሮ ማስመርመር የላብራቶሪውን ልዩነት ያጠራል። ምልክቱን በወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፋችሁ ከውስጥ ጨምሩት፤ ከውጭ በማርከር የተጻፈ ይለቃል። በወረቀቱ ላይ የቦታው ስም፣ የጂፒኤስ ቁጥር፣ ንብርብሩ፣ ቀኑ፣ የለኪው ስም እና የመሬቱ አያያዝ ይኑር።